ረድፍ የሌለው በሽተኛ

ከመቱ ተነስቶ በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚሄደው መንገድ ቁልቁለት ይበዛዋል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ይፈልጋል። በመንገዱ ላይኛውም ታችኛውም ጫፍ እግሩ ያበጠ ሰው አይጠፋም። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷል፦ ዝሆኔ።

ሐኪም ግን ሁለት በሽታ ነው የሚላችሁ። ቆላው ላይ የሚታየው በትንኝ የሚተላለፍ፣ ክር በመሰለ ትል የሚመጣ ነው። ደጋውና ወይና ደጋው ላይ ያለው ደግሞ ትልም ትንኝም የለበትም። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚረግጥ ገበሬ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው ደቃቅ ማዕድን በቆዳው ገብቶ ዓመት ከዓመት እግሩን ያሳብጠዋል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቢሆንም በሽተኛው ከማኅበር፣ ከሠርግ፣ ከትምህርት ቤት ሲገለል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አገር አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙትን አዋቂዎች ወደ 1.5 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል።

መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ለአንዱ በዘመቻ የሚታደል ክኒን፤ ለሌላው ጫማ፣ ሳሙናና ውሃ። ክኒኑ የአፈሩን በሽታ አያድንም፤ ጫማውም ትንኟን አያግድም።

ይህ ሁሉ የሕክምና ወሬ የሚወስደን ወደ ኮምፒውተር ነው፤ ትንሽ ታገሱ።

እንበልና ኢሉባቦር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የመረጃ ባለሙያው የወሩን ሪፖርት ሊያስገባ ተቀምጧል። መዝገቡ ላይ ሐኪሙ የበሽታውን ዓይነት ለይቶ ጽፏል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን «ዝሆኔ» የሚል አንድ ረድፍ ብቻ ቢኖረው ባለሙያው ምን ያደርጋል? ሁለቱን ደምሮ አንዱ ውስጥ ይከታል። ረድፉ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ «ሌሎች» የሚለው ረድፍ አለ። «ሌሎች» እንደ ጎተራ ነው፤ የገባው ሁሉ ይገባል፣ ማን እንደገባ ግን አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ወደ ሚኒስቴር ይወጣል። የጫማ በጀት የሚይዘው ክፍል ሠንጠረዡን ከፍቶ «እዚያ አካባቢ ችግሩ የለም» ይላል። ማንም አልዋሸም። ባለሙያው አልዋሸም፤ ሐኪሙም አልዋሸም። የዋሸው ረድፉ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ማሰማራት የጀመረው ነው። ዘሩ የደቡብ አፍሪካ ነው፦ አፓርታይድ እንደወደቀ የተበታተነውን የጤና መረጃ ለመሰብሰብ በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ ነበር። ያንን የመጀመሪያ ስሪት የአዲስ አበባና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በጥቂት ክልሎች ሞክረውት ነበር፤ በኋላ አገሪቱ በሌላ ሥርዓት ስትሠራ ቆይታ ተመለሰችበት። ሁለተኛው ስሪት ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጃቫ እንደ አዲስ የተጻፈ፣ በድረ ገጽ ማሰሻ የሚከፈት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል።

በጃቫ የድረ ገጽ ማዕቀፍ ሠንጠረዥ የሚሣለው በድግግሞሽ ነው። ትእዛዙ ባጭሩ «መረጃ ቋቱ ውስጥ ያሉትን በሽታዎች አንድ በአንድ ጥራ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ሣል» ይላል። ስሙ በስተግራ፣ ባዶ ሳጥኖቹ በስተቀኝ። ዕድሜና ጾታ ዓምድ ይሆናሉ። ስድስት የዕድሜ ክፍልና ሁለት ጾታ ብንወስድ አንድ በሽታ አንድ ረድፍ ሲሰጠው 12 ሳጥን ይወልዳል ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ያለ ድካም ይሣላል። መቶ በሽታ ቢጠራ 1,200 ሳጥን ይደረድራል፤ ማን እንደሚሞላው አይጨነቅም።

ማሽኑ የሣለው ሠንጠረዥ ግን ወረቀቱን አይመስልም። ወረቀቱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ፣ አንዳንዱ ረድፍ ከሌላው ሥር ገባ ብሎ፣ ለወንድ የማይመለከተው ሳጥን ተሰርዞ የታተመ ነው። ስክሪኑና ወረቀቱ በቅደም ተከተል ካልገጠሙ ባለሙያው ዓይኑን ከወረቀት ወደ ስክሪን፣ ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲያመላልስ አንድ ረድፍ ይዘላል። ተቅማጥ የሳንባ ምች ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሥርዓቱ ረድፎቹን እንደ ፍላጎት ማበጀት ይፈቅዳል። ቀለል ያለው መንገድ ረድፎቹን በክፍል መድቦ የማይመለከቱትን ሳጥኖች ማደብዘዝና በዳር ድምር ማስቀመጥ ነው። ከባዱ መንገድ ቅጹን ከላይ እስከ ታች በኤችቲኤምኤል በእጅ መጻፍ ነው።

በእጅ በተጻፈው ቅጽ ውስጥ እያንዳንዱ ሳጥን መታወቂያ ይይዛል። መታወቂያው ሁለት ኮድ ተያይዞ የሚሠራ ሲሆን አንዱ የበሽታው፣ ሌላው የዕድሜና የጾታው ነው። እያንዳንዱ ኮድ 11 ፊደልና አኃዝ አለው። ለሰው ዓይን ምንም ትርጉም የለውም። ሳጥኑ አጠገብ የተጻፈው ስም ደግሞ ለሰው እንጂ ለማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ የሚያምነው ኮዱን ብቻ ነው።

አዲስ ረድፍ የሚጨምር ሰው ሥራውን ለማቅለል ያለውን ረድፍ ይቀዳል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ኮዱን ይለውጣል። ከ12ቱ ሳጥኖች የአንዱን ኮድ ሳይለውጥ ቢረሳስ? ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይላል፤ ቁጥሩ ግን የሚቀመጠው ረድፉ ከተቀዳበት በሽታ ላይ ነው። ሁለቱም ላይ ከተጻፈ ኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል። የተለመደው የጥራት ማረጋገጫ መዝገቡን ከሪፖርቱ ጋር ማመሳከር ነው። መዝገቡ ልክ ነው፣ የወረቀት ሪፖርቱም ልክ ነው፣ ባለሙያውም የጻፈው ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው ማንም አመሳካሪ በማይከፍተው የኮድ ገጽ ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። በእጅ በተጻፈ ቅጽ አዲስ በሽታ ወደ ሥርዓቱ ሲገባ ረድፉ በራሱ አይመጣም። ቋቱ ውስጥ አለ፣ ስክሪኑ ላይ የለም። አንድ ሰው ቅጹን ከፍቶ እስኪጽፈው ድረስ የዚያ በሽታ ሪፖርት ከየትም ተቋም አይመጣም፤ ሪፖርት ስላልመጣ ደግሞ በሽታው ያለ አይመስልም።

ስለ ዜሮም ማንሳት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥርዓቱ ካልታዘዘ በቀር ዜሮን አያስቀምጥም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ዜሮ የጻፈና ምንም ያልጻፈ እኩል ይታያሉ። ለእያንዳንዱ በሽታ «ዜሮውም ይቀመጥ» የሚል ምርጫ አለ፤ መርጦ ማብራት የቅጹ አዘጋጅ ፈንታ ነው። «በዚህ ወር አንድም እናት አልሞተችም» እና «በዚህ ወር የጠየቀን የለም» አንድ ባዶ ሳጥን ሊሆኑ ነው። አንዱ የምሥራች ነው፣ ሌላው ዝምታ። ግምገማ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ሳጥን እንደ ምሥራች ያነበበ ኃላፊ ስንት ይሆን?

አቆጣጠሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጤና ወርሃዊ ሪፖርት ከወሩ 1 እስከ 30 አይደለም፤ ካለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 ነው። በዚህ ስሌት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ብትቆጥሩ ጳጉሜን መሀል ስለምትገባ 35 ቀን ይሆናል። የወባ ወቅት በሚጀምርበት ጊዜ ላይ የተደረበ አምስት ቀን! የመስከረም ቁጥር ከነሐሴ ሲዘል ሁሉም ከትንኟ አይደለም፤ ከፊሉ ከጳጉሜን ነው። በዚያ ላይ የወረርሽኝ ክትትሉ ሳምንታዊ ሪፖርት አለው፦ ከሰኞ እስከ እሑድ። አንድ የወባ በሽተኛ በሁለት ሠንጠረዥ ይመዘገባል፤ የአንዱ ሠንጠረዥ ወር በ20 ያበቃል፣ የሌላው ሳምንት እሑድ ያበቃል። አራት ሳምንት ደምሮ ወሩን ለማግኘት የሚሞክር ተቆጣጣሪ መቼም አይገጥምለትም። አልገጠመም ሲባል የሚወቀሰው ማነው? ቁልፍ ሰሌዳው ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው። «ዳታ ፈጠረ» ይባላል። እውነት የሚፈጥሩም አሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሠንጠረዡ ራሱ እንዳይገጥም ሆኖ ተሠርቶ እያለ እሱን ብቻ መገሠጽ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ ኢሉባቦር እንመለስ፤ አካባቢው ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የሚሆንበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም።

የሶር፣ የገባ፣ የብርብር ውሃ በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ የሚወርድ ነው። ፈጣን ወንዝ ደግሞ የኦንኮሰርኪያሲስ አስተላላፊ የሆነችው ጥቁር ዝንብ መፈልፈያ ነው። በእንግሊዝኛ «የወንዝ ዕውርነት» የሚሉት በሽታ ነው፤ በእኛ አገር ግን ዓይንን ከማጥፋት ይልቅ በቆዳ ላይ ይታያል፣ እያሳከከ እንቅልፍ ይነሳል። በሽተኛው ሲያክክ የኖረ ቆዳውን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እከክ ተብሎ ወይም በጥቅሉ «የቆዳ በሽታ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለበሽታው ሜክቲዛን የተባለው ክኒን በዘመቻ ይታደላል፤ የመድኃኒቱ አምራች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። የዘመቻው ሪፖርት በራሱ ሠንጠረዥ ይሄዳል፣ ስንት ሰው ክኒን እንደዋጠ ይነግራል። ስንት ሰው እያከከ ሐኪም ዘንድ እንደመጣ የሚናገረው ግን ወርሃዊው ሠንጠረዥ ነው፣ ያም ረድፍ ካገኘ።

ቋንቋውም አለ። በኢሉባቦር ገጠር በሽተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። የረድፉ ስም በእንግሊዝኛ ነው። ሕመሙ በአንድ ቋንቋ ይነገራል፣ በሌላ ይጻፋል፤ መሀል ላይ ያለው ትርጉም በሠራተኛዋ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ረድፍ ስም በየቋንቋው መተርጎም ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ የሚቀመጠው በኮዱ ስለሆነ ስሙ በኦሮምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢታይ ድምሩ አይናጋም። ይህ ሶፍትዌሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው ነገር ነው። የሚያስፈልገው ቁጭ ብሎ የሚተረጉም ሰው ነው።

የዞኑ ወሰንም ራሱ ረድፍ ነው። የድሮው የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ጋምቤላን ይጨምር ነበር፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በደሌና አካባቢዋ ቡኖ በደሌ ተብለው ዞን ሆኑ። በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ አንድ ተቋም ከአንድ ዞን ሥር ወደ ሌላ ሲዛወር የኋላ ታሪኩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ዛሬ «ኢሉባቦር» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው የዛሬውን ኢሉባቦር ነው። የቆየ የወረቀት ሪፖርት ይዞ ከስክሪኑ ጋር የሚያወዳድር ሰው «በሽታው በግማሽ ቀነሰ» ብሎ ሊደሰት ይችላል። የቀነሱት ወረዳዎቹ ናቸው።

እስካሁን የተባለውን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው ረድፍ ይጨመር» ሊል ይችላል። ችግሩ ይህን ሁሉም ማለቱ ነው። እያንዳንዱ የጤና ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ ለጋሽ ድርጅት የራሱን ረድፍ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ረድፍ ለመጨመር የግማሽ ቀን ስብሰባ ይበቃል። ያ ረድፍ ግን ቆጠራ ወረቀት ላይ ይወርዳል፣ መዝገብ ላይ ይወርዳል፣ ለየተቋሙ ይባዛል። ዲዱ ወይም ኖጳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታይ የዋለች ነርስ ማታ በሻማ ወይም በስልክ መብራት 12 ሳጥን ተጨማሪ ትሞላለች። ስለዚህ ወዲያ ሲጠብ ወዲህ ሲሰፋ የሚለው ተረት እዚህ በቁሙ ይሠራል፦ ረድፍ ሲያንስ በሽተኛ ይጠፋል፣ ረድፍ ሲበዛ እውነት ይጠፋል። የደከመ ሰው ሳጥኑን በግምት ይሞላዋል።

ሚኒስቴሩ ቅጹን አንድ ወጥ አድርጎ መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ዞን ሁሉ በፈለገው መንገድ ቢቆጥር አገር አቀፍ ድምር የሚባል ነገር አይኖርም። ክርክሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል፦ የሚቆጠረውን ነገርና ሠንጠረዡ ላይ የሚደረደርበትን መልክ።

በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ አንድ ቁጥር የሚታወቀው በምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ በበሽታው፣ በጊዜው፣ በተቋሙ፣ በዕድሜና ጾታው። በየትኛው ቅጽ እንደገባ አይጠየቅም። ያው በሽታ በሁለትና በሦስት ቅጽ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ የትኛውም ላይ ቢጻፍ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ለኢሉባቦር ተቋማት ፖዶኮኒዮሲስና ኦንኮሰርኪያሲስ ከላይ የሚመጡበት፣ አካባቢው የማያየው በሽታ ወደ ታች የሚወርድበት፣ ስሙ በኦሮምኛ የሚነበብ ቅጽ መሥራት ይቻላል። ለአፋር ሌላ፣ ለጎጃም ሌላ። ድምሩ አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ አንድ ነው። ኮዱን ሚኒስቴሩ ይያዝ፤ ረድፉን ዞኑ ይደርድረው። ይህን የሚከለክል ቴክኒክ የለም፤ ያለው የአስተዳደር ልማድ ነው።

«ዞን ላይ ማን ይሠራዋል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። በእጅ የሚጻፍ ቅጽ ጠባቂ ካጣ ከላይ የተባለውን የተሳሳተ ኮድ በየዞኑ ማባዛት ይሆናል። ስለዚህ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ረድፎችን በክፍል የመደርደሩ ቀላል መንገድ ይሻላል፤ ያምራል አያምርም ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውም የለም ማለት አይቻልም። መቱ ከተማ ውስጥ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የጤና ሳይንስም የምሕንድስናና የቴክኖሎጂም ትምህርት ይሰጣል። መቱ ካርል ሆስፒታል እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ጃቫ የሚማረው ተማሪ የመመረቂያ ሥራው ብዙ ጊዜ ማንም የማይከፍተው የቤተ መጻሕፍት ወይም የሆቴል ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው። ኮዱ ክፍት የሆነ፣ አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበት፣ ስሕተቱ ሰው የሚያስከፍል ሥርዓት ግን ከግቢው አጠገብ ይሠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ከባድ መሆን የለበትም። የቅጹን ኮድ ገጽ የሚያነብና በእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ የተጻፈው ስም ከሳጥኑ መታወቂያ ጋር መግጠሙን የሚያረጋግጥ አጭር ፕሮግራም ይበቃል። ሁለት ሳጥን አንድ መታወቂያ ይዘው እንደሆነ ይናገር። ቋቱ ውስጥ ኖሮ ስክሪኑ ላይ ረድፍ ያላገኘ በሽታ ካለም ስሙን ይጥራ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። ውጤቱን ይዞ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት ሲገባ የሚያነጋግረው ሰው ማግኘቱ ነው አስቸጋሪው።